ራስ ዳሽን ስንተኛ ነው? የተራራ ከፍታን ሳይሳሳቱ ለማወዳደር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

"ራስ ዳሽን ከአፍሪካ አራተኛ ነው" ይላል አንዱ። "የለም፣ አሥረኛ ነው" ይላል ሌላው። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ 4,620 ሜትር የሚል ያሳያል። አራተኛው በራሱ ስልክ 4,533 ያነባል። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ጭቅጭቁ ይጦፋል። የሚገርመው ግን ከአራቱ አንዱም አልዋሸም። እያንዳንዱ የመለሰው የተለያየ ጥያቄ ነው።

እኔም ከዚህ የባሰ ስህተት ሠርቻለሁ። ለእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ የተራሮች ሥዕል ስናዘጋጅ ኤቨረስትን በሜትር፣ ራስ ዳሽንን በጫማ (በፊት) አስገባሁ። 15,158 ሆኖ ራስ ዳሽን ኤቨረስትን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልጁ በደስታ ዘለለ። መምህሩ ግን አልዘለለም።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ከሠራችሁ ይህ አይደርስባችሁም። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ የመጀመሪያውን።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ኤፎር ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና ላጲስ፣ የስልክ ካልኩሌተር ያዙ። በኤክሴል መሥራት ከፈለጋችሁም መጀመሪያ በወረቀት ሞክሩት። የምታወዳድሯቸውን ተራሮች ከአምስት እስከ ስምንት ወስኑ፤ ሃያ ተራራ የደረደረ ሰው ግማሹን ሳያጣራ ነው የሚጨርሰው።

ወረቀቱ ላይ ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ የተራራው ስም፣ የጫፉ ስም፣ ቁጥሩ እንዳገኛችሁት፣ መለኪያው (ሜትር ወይስ ጫማ)፣ የተለካበት ዓመት ከታወቀ፣ በመጨረሻም ወደ ሜትር የተለወጠው። ስድስት ዓምድ ይበዛል የሚል ሰው ይኖራል። የኔን የእህት ልጅ ሥዕል ያበላሸው አራተኛው ዓምድ አለመኖሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"የትኛው ይበልጣል?" ጥያቄ አይደለም። ከየት ተነስቶ እስከ የት? አማርኛችን ራሱ "ከፍታ" እና "ቁመት" ብሎ ይለያቸዋል። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቢቆም ከፍታው ይጨምራል፤ ቁመቱ ግን ያው ነው። ተራራም እንደዚሁ ነው። ከሚከተሉት አንዱን ብቻ መርጣችሁ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ።

ሀ. ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ። ብዙ ሰው የሚፈልገው ይህን ነው። በዚህ ኤቨረስት በ8,848.86 ሜትር አንደኛ ነው፤ ኬቱ በ8,611 ይከተላል።

ለ. ከግርጌ እስከ አናት ያለው ቁመት። እዚህ ላይ የሃዋዩ ማውና ኬያ ብቅ ይላል። ከባሕር በላይ 4,207 ሜትር ብቻ ነው፤ ከራስ ዳሽን ያንሳል። ግርጌው ግን ውቅያኖስ ሥር ነው። ከዚያ ሲለካ ከ9,000 ሜትር ያልፋል።

ሐ. ከምድር መሃል ያለው ርቀት። ምድር ወገቧ ላይ ወፈር ትላለች። ከመሃሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታው 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ለምድር ወገብ የቀረበ ተራራ በነፃ ጥቂት ኪሎ ሜትር ያገኛል። የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ከባሕር ጠለል 6,263 ሜትር ቢሆንም ከምድር መሃል ሲለካ ኤቨረስትን በሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጠዋል።

መ. ጉልህነት። ከተራራው አናት ተነስታችሁ ወደሚበልጠው ተራራ በእግር ብትሄዱ፣ በጣም ጥቂት በሚያስወርዳችሁ መንገድ እንኳ የግድ የምትወርዱት ስንት ሜትር ነው? ያ ቁጥር ጉልህነቱ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉም የምወደው እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለ"ሐ" ብላችሁ 6,371 ኪሎ ሜትር ላይ የተራራውን ከፍታ እንዳትደምሩ። 6,371 የምድር አማካይ ነው። ለሁሉም እኩል ከደመራችሁ ምንም አላወዳደራችሁም፤ ኤቨረስት እንደገና አንደኛ ይወጣል።

ደረጃ 2፦ ስሙንና ጫፉን ለዩ

አንድ ተራራ ሁለት ስም ይዞ ዝርዝራችሁ ውስጥ ሁለት ቦታ ሊገባ ይችላል። ራስ ዳሽንና ራስ ደጀን አንድ ናቸው። ኤቨረስት በኔፓል ሳጋርማታ፣ በቲቤት ቾሞሎንግማ ይባላል። የአላስካው ዴናሊም ማኪንሊ እየተባለ ይጠራል። ከመቀጠላችሁ በፊት ዝርዝሩን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን እዩት።

ተቃራኒውም አለ፤ አንድ ስም ብዙ ጫፍ ይሸፍናል። "ኪሊማንጃሮ" ስትሉ 5,895 ሜትር የሚሆነው ኪቦ ነው። ጎኑ የቆመው ማዌንዚ 5,149 ነው። "የኬንያ ተራራ" 5,199 የሚሆነው ባቲያን የሚባለው ጫፉ ነው። በእግሩ የሚወጣው መንገደኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ሌናና ላይ ነው፤ 4,985 ሜትር። የጓደኛችሁን ፎቶ አይታችሁ 4,985 ብላችሁ ከጻፋችሁ የኬንያን ተራራ ከ200 ሜትር በላይ አሳጠራችሁት።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ አትተዉት።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ሰብስቡ

ለእያንዳንዱ ተራራ ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ገጽ ከሌላው ስለሚገለብጥ ተመሳሳይ ቁጥር አሥር ቦታ ማግኘት ማረጋገጫ አይሆንም። የተለያዩ ቁጥሮች ካገኛችሁ አትደንግጡ። ሁሉንም ጻፉና የሚከተለውን ጠይቁ።

በረዶው ተቆጥሯል? ቻይና በ2005 ኤቨረስትን ለክታ 8,844.43 አለች፤ ይህ ከበረዶው ሥር ያለው ዓለቱ ነው። ኔፓልና ቻይና በ2020 አብረው ያወጁት 8,848.86 በረዶውን ይጨምራል። አንዱን ተራራ በዓለቱ፣ ሌላውን በበረዶው ካስገባችሁ ውድድሩ ተበላሸ። ሞን ብላን ደግሞ የባሰ ነው። አናቱ ላይ ያለው በረዶ ስለሚቀያየር በየሁለት ዓመቱ ይለኩታል፤ በ2021 4,807.81፣ በ2023 4,805.59 ወጣ። ሁለት ሜትር ጠፋ። ተራራው ግን አልወደቀም።

መቼ ተለካ? ዴናሊ ለረጅም ጊዜ 6,194 ሜትር ሲባል ኖሮ በ2015 6,190 ሆነ። ሌላ ምክንያት ከሌላችሁ አዲሱን ያዙ።

በምን ተለካ? በ2000 ከመንኮራኩር በራዳር የተሠራው የምድር ካርታ መሬቱን በ30 ሜትር በ30 ሜትር ቁራጭ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ከፍታ ይሰጣል። ጠፍጣፋ አምባ ላይ ይህ ችግር የለውም። ሹል ጫፍ ላይ ግን አናቱ ከጎኑ ካለው ገደል ጋር ተደባልቆ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ካርታ ላይ ጣታችሁን አኑራችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር የመጨረሻ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

ራስ ዳሽንስ? 4,533፣ 4,550 እና 4,620 ታገኛላችሁ። 4,620 የቆየው ነው፤ 15,158 ጫማ የሚለው ቁጥርም እሱው ራሱ ነው። እኔ 4,550ን እይዛለሁ። ከጎኑም በትንሹ "እንደ ምንጩ ከ4,533 እስከ 4,620" ብዬ እጽፋለሁ። እንዲህ መጻፍ ያሳፍራል የሚል ካለ ደረጃ 5ን ይጠብቅ።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ወደ ሜትር ለውጡ

ጫማን በ0.3048 አባዙ። 15,158 ሲባዛ በ0.3048 ወደ 4,620 ይመጣል። በቃ።

ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ስታወዳድሩ ከ8,849 የሚበልጥ ቁጥር ሠንጠረዣችሁ ውስጥ ካለ ያለ ጥርጥር ጫማ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያጠምደው ከ8,849 በታች ያለው ጫማ ነው። የስኮትላንዱ ቤን ኔቪስ 4,413 ጫማ ነው። ሜትር መስሏችሁ ካስገባችሁት በስሜን ከቧሂት አናት (4,430 ሜትር) ጎን ይቆማል። እውነተኛው ከፍታው 1,345 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ይላል! መለኪያው ያልተጻፈበትን ቁጥር ስለዚህ አትውሰዱ።

ነጥብና ኮማንም ተጠንቀቁ። ብዙ የአውሮፓ ዝርዝሮች ሺህን በነጥብ ይለያሉ፤ "4.550" ይላሉ። ይህን ወደ ኤክሴል ስትገለብጡ አራት ሜትር ተኩል የሆነ ተራራ ይወጣላችኋል። ቁጥሩን በእጃችሁ ጻፉት።

ደረጃ 5፦ ደረጃ ከመስጠታችሁ በፊት ልዩነቱን መዝኑ

ወደ መጀመሪያው ጭቅጭቅ እንመለስ። የአፍሪካን ከፍተኛ ጫፎች እንዲህ ደርድሯቸው፦

ኪቦ 5,895
ባቲያን (ኬንያ) 5,199
ማዌንዚ 5,149
ስታንሊ (ማርጌሪታ) 5,109
ስፒክ 4,890
ቤከር 4,844
ኤሚን 4,798
ጌሲ 4,715
ሉዊጂ ዲ ሳቮያ 4,627
ሜሩ 4,566
ራስ ዳሽን 4,550

አሁን ቁጠሩ። ከስታንሊ እስከ ሉዊጂ ዲ ሳቮያ ያሉት ስድስቱ የሩዌንዞሪ (በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያለ የተራሮች ሰንሰለት) ናቸው። ስድስቱን እንደ አንድ፣ ማዌንዚንም ከኪሊማንጃሮ ጋር ከቆጠራችሁ ራስ ዳሽን አምስተኛ ነው። በዚሁ አቆጣጠር ላይ የቆየውን 4,620 ከተጠቀማችሁ ሜሩን አልፎ አራተኛ ይሆናል። የሩዌንዞሪን ስድስት ለየብቻ ቆጥራችሁ ማዌንዚን ከተዋችሁ አሥረኛ። ማዌንዚንም ከጨመራችሁ አሥራ አንደኛ። ተራራው ያው፣ ቦታውም ያው ነው። የተቀየረው የናንተ አቆጣጠር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ "ጫፍ እቆጥራለሁ" ወይም "ተራራ በጅምላ እቆጥራለሁ" ብላችሁ ጻፉ፤ መሃል ላይ አትቀያይሩ። ቀጥሎ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ተራሮች መካከል ያለውን ልዩነት ምንጮቹ እርስ በርስ ከሚለያዩበት ጋር አስተያዩ። በሜሩና በራስ ዳሽን መካከል 16 ሜትር አለ። ስለ ራስ ዳሽን ብቻ ምንጮቹ በ87 ሜትር ይለያያሉ። 87 ከ16 ስለሚበልጥ "ሜሩ ይበልጣል" ብሎ መማል አይቻልም። "ተቀራራቢ" ብላችሁ ጻፉ። ኬቱ እና ካንቼንጁንጋ ግን (8,611 እና 8,586) በ25 ሜትር ብቻ ቢለያዩም ደህና ተደርገው የተለኩ ስለሆኑ ደረጃቸውን ያለ ፍርሃት ስጡ።

ደረጃ 6፦ ቁመት ወይም ጉልህነት ከመረጣችሁ

በደረጃ 1 "ሀ"ን የመረጣችሁ ይህን ዝለሉት።

ቁመት ላይ ያለው ጣጣ ግርጌው የት ነው የሚለው ነው። ባሌ ሄዳችሁ ሳነቴ ላይ ቁሙ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ግን ከፊታችሁ ያለው ቀላ ያለ ጉብታ ነው፣ መኪና አናቱ ድረስ ይወጣል። ሜዳው ራሱ 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ተራራው የጨመረው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ዴናሊ በተቃራኒው ከቆላ ተነስቶ 5,500 ሜትር ያህል ይመዘዛል፤ ለዚህ ነው በዓይን ሲታይ ከብዙ የሂማላያ ተራራ የሚገዝፈው። በስሜን ደግሞ ከጨነቅ ተነስቶ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ የወረደ ሰው ወንዙን 2,800 ሜትር አካባቢ ያገኘዋል። ራስ ዳሽን ከዚያ ሲታይ 1,750 ሜትር ቁመት አለው። ከሌላ ሸለቆ ሌላ ቁጥር ይወጣል።

ስለዚህ ቁመት ካወዳደራችሁ የግርጌውን ቦታ ስም ጻፉ። ስም የሌለው ግርጌ ተቀባይነት የለውም።

ይህ ካደከማችሁ ጉልህነትን ተጠቀሙ፤ ግርጌውን የሚመርጠው ሰው አይደለም፣ መሬቱ ራሱ ነው። በሁለት ተራራ መካከል ያለው ዝቅተኛ መሻገሪያ፣ እንደ ጣርማ በር ያለው "በር" ማለት ነው፣ መነሻ ይሆናል። ሎትሴ 8,516 ሜትር ሆኖ ከዓለም አራተኛ ነው፤ ግን ከኤቨረስት ጋር በከፍተኛ በር ስለተያያዘ ጉልህነቱ 610 ሜትር ብቻ ነው። ራስ ዳሽን 3,997 ነው! ከኬቱ (4,020) ጋር ትከሻ ለትከሻ። ከራስ ዳሽን ወደሚበልጠው ተራራ ለመሄድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንያ በኩል፣ 550 ሜትር ከፍታ ያህል ድረስ መውረድ የግድ ነው ማለት ነው። የሀገር ልጅ አሸናፊ እንዲሆን የፈለገ ሰው በጉልህነት ያወዳድር። ማጭበርበርም አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉልህነትን በግምት አታስሉ። የተሰላውን ውሰዱ፤ ካላገኛችሁት ተራራውን ከዝርዝሩ አውጡ።

ደረጃ 7፦ ሥዕሉን ሥሩ

1. ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አግድም መስመር አስምሩ። ይህ ባሕር ጠለል ነው፤ "0" ብላችሁ ጻፉበት።

2. አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ይሁን። ከፍታውን ለ500 አካፍሉ። ኤቨረስት 17.7 ሴንቲ ሜትር፣ አኮንካጓ (6,961) 13.9፣ ኪሊማንጃሮ 11.8፣ ሞን ብላን 9.6፣ ራስ ዳሽን 9.1፣ ቱሉ ዲምቱ 8.8፣ ፉጂ (3,776) 7.6።

3. ለእያንዳንዱ ተራራ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ አስምሩ። ሦስት ማዕዘን ካማራችሁ የሁሉም ግርጌ ስፋት እኩል ይሁን። ኤቨረስት ራስ ዳሽንን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ቁመቱን እጥፍ ስታደርጉ ስፋቱንም እጥፍ ካደረጋችሁ ሥዕሉ አራት እጥፍ የገዘፈ ይመስላል።

4. በ4.7 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጠብጣብ መስመር ጎትቱና "አዲስ አበባ፣ 2,355" ብላችሁ ጻፉ። ሳይለፉ ራስ ዳሽንን ግማሽ መንገድ እንደጨረሱ ሸገሮች ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

5. ሜሩንም ካስገባችሁ 9.1 ላይ ያርፋል። ከራስ ዳሽን የሚለየው በሚሊ ሜትር ሲሶ ነው፤ ከእርሳሳችሁ ጫፍ ይቀጥናል። ለማለያየት አትታገሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ መነሻውን 4,000 አታድርጉ። ያን ጊዜ ኪሊማንጃሮ 1,895፣ ራስ ዳሽን 550 ሆነው ይሳላሉ፤ አንዱ ሌላውን ከሦስት እጥፍ በላይ የበለጠ ይመስላል። ኤክሴል ይህን ሳያስፈቅድ ሊያደርገው ይችላል። ቻርቱ እንደወጣ መጀመሪያ ግራ በኩል ከታች ያለውን ቁጥር እዩ፤ ዜሮ ካልሆነ በእጃችሁ ዜሮ አድርጉት።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ደረጃው ከሌላ ሰው ዝርዝር ጋር አልገጥም ካለ፦ ቁጥሮቹን ከማረም በፊት ጫፎቹን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ እሱ ማዌንዚን ወይም የሩዌንዞሪን ጫፎች አስገብቶ ነው።

አንድ ተራራ ከሌሎቹ በጣም ከተለየ፦ ለ3.28 አካፍሉት። የወጣው ቁጥር ከምታውቁት ጋር ከገጠመ ጫማ ነበር። ደግማችሁ አጣሩ።

ፎቶ ላይ ትንሹ ትልቁን በልጦ ከታየ፦ ፎቶውን ተዉት። የቀረበ ኮረብታ የራቀ ተራራን ይሸፍናል፤ ካሜራው ከፍ ካለ ቦታ ከተነሳ ደግሞ ሁሉም ያጥራል። ከፎቶ ከፍታ አይወዳደርም።

አናቱ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁ ሌላ ቁጥር ካሳያችሁ፦ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ጂፒኤስ በመሠረቱ የሚለካው ከባሕር ጠለል ሳይሆን በሒሳብ ከተሠራ ለስላሳ የምድር ቅርጽ ነው። ባሕር ጠለል ከዚያ ቅርጽ በስሪላንካ ደቡብ በ100 ሜትር ገደማ ዝቅ፣ በኒው ጊኒ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አንዳንድ መተግበሪያ ይህን አስተካክሎ ይሰጣል፤ አንዳንዱ አያስተካክልም። በአየር ግፊት የሚለካ ስልክ ወይም ሰዓት ከሆነ ደግሞ የአየሩ ሁኔታ ይጫወትበታል። 4,500 ሜትር አካባቢ የአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ለውጥ 13 ሜትር ያህል ያዛባል። ደመና መጥቶ ግፊቱ በአምስት ቢወርድ ድንኳናችሁ ውስጥ ተኝታችሁ 65 ሜትር "ወጣችሁ"። መድኃኒቱ፦ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ከፍታው በሚታወቅ ካምፕ ላይ መሣሪያውን በዚያ ቁጥር ሙሉት፣ ማታ ስትመለሱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና አንብቡት። ጠዋትና ማታ በ20 ሜትር ከተለያየ፣ አናቱ ላይ ያነበባችሁትም ቢያንስ በ20 ሜትር የሚያጠራጥር ነው። ወረቀቱ ላይ ከነ"ገደማ"ው ጻፉት።